ክብደትዎ ባለበት እንዲቆይ በቀን ስንት ካሎሪ ያስፈልግዎታል? ከቀመር እስከ ሚዛን

አካላችን በቀን የሚያወጣው ጉልበት መጠን አለው። ከዚያ በላይ በተከታታይ የበላ ሰው ኪሎ ይጨምራል፤ ከዚያ በታች የበላ ይቀንሳል። የስልክ መተግበሪያዎች ዕድሜ፣ ቁመትና ኪሎ ጠይቀው ይህንን መጠን በደቂቃ ውስጥ ያሰላሉ። የሚሰጡት ቁጥር ግን በዕድሜ፣ በቁመትና በኪሎ እርስዎን የሚመስሉ ሰዎች አማካይ ነው። አንድ ዓይነት ቁመትና ኪሎ ያላቸው ሁለት ሰዎች በቀን በ300 ካሎሪ ቢለያዩ የሚያስገርም አይደለም፤ ይህም ከአንድ መካከለኛ እንጀራ ግማሽ ይበልጣል።

ስለዚህ ሥራው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በወረቀት የሚሠራ ግምት ነው፤ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ሁለተኛው ሦስት ሳምንት የሚወስድ ልኬት ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር የሚሰጠውም እሱ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሠርቶ ያቆምና ከወር በኋላ “ካሎሪ መቁጠር አይሠራም” ይላል።

በዚህ ጽሑፍ “ካሎሪ” ስንል በምግብ ማሸጊያ ላይ “ኪሎ ካሎሪ” ተብሎ የሚጻፈውን ነው። አሜሪካ ውስጥ “ካሎሪ” ብቻ ተብሎ ይታተማል፤ ያው ነው። አውሮፓ ላይ ግን ከጎኑ “ኪሎ ጁል” የሚል ትልቅ ቁጥር አለ። እሱን በ4.184 ካላካፈሉ አንድ ብስኩት የቀን ምግብ መስሎ ይታይዎታል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ፣ ኢንሱሊን የሚወስድ፣ የእንቅርት ሆርሞን ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ምግብን ከመጠን በላይ የመፍራት ወይም የማስመለስ ችግር የነበረበት ሰው ይህንን ስሌት ለብቻው አይሥራ። ለእነዚህ ሰዎች ከታች ያሉት ቀመሮች የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ቁጥሩን ተከትሎ ምግብ መቀነስም ሊጎዳ ይችላል። ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ በግራም የሚለካ የኩሽና ሚዛን (እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን ቢሆን ይመረጣል፤ ድስት ይቀመጥበታልና)፣ የሰውነት ክብደት የሚመዝን ሚዛን፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ደብተር። መተግበሪያ የግድ አይደለም። እንዲያውም በመተግበሪያዎች ውስጥ “እንጀራ” ተብሎ የተመዘገበው ቁጥር ማን እንደጻፈው ስለማይታወቅ፣ አንዱ ጋ 80 ሌላው ጋ 600 ይላል። የራስዎን ቁጥር ማውጣት ከዚያ ይሻላል፤ አሠራሩም ከታች አለ።

ደረጃ 1፦ በዕረፍት የሚወጣውን ማስላት

ቀኑን ሙሉ ተኝተው ቢውሉ እንኳ ልብ፣ አንጎል፣ ጉበትና ኩላሊት ጉልበት ይበላሉ። አብዛኛው ሰው በቀን ከሚያወጣው ጉልበት ከግማሽ በላይ የሚሄደው ወደዚህ ነው። ለጤናማ አዋቂ ጥሩ ግምት የሚሰጠው በ1990 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ498 ሰዎች ላይ ከተደረገ ልኬት የወጣው የሚፍሊን–ሴንት ጆር ቀመር ነው።

ለወንድ፦ (10 × ኪሎ) + (6.25 × ቁመት በሴንቲ ሜትር) − (5 × ዕድሜ) + 5
ለሴት፦ (10 × ኪሎ) + (6.25 × ቁመት በሴንቲ ሜትር) − (5 × ዕድሜ) − 161

ምሳሌ እንያዝ። 41 ዓመቱ፣ ቁመቱ 174 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 78 ኪሎ የሆነ የሒሳብ ሠራተኛ፦ 780 + 1,087.5 − 205 + 5 = 1,667.5። 34 ዓመቷ፣ ቁመቷ 162፣ ክብደቷ 66 ኪሎ የሆነች ሴት፦ 660 + 1,012.5 − 170 − 161 = 1,341.5። ሰውየውን እስከ መጨረሻው ይዘነው እንሄዳለን።

እዚህ ላይ ሦስት ስህተቶች ተደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የልደት ዓመት ለፈረንጅ መተግበሪያ ሳይቀየር ቢሰጡት በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጅዎታል፤ ቁጥሩም ከ35 እስከ 40 ካሎሪ ይቀንሳል። ሁለተኛው ቁመት ነው። መታወቂያ ላይ ያለው ቁመት ብዙ ጊዜ በግምት የተሞላ ነው፤ ጫማ አውልቀው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ አናትዎ ላይ መጽሐፍ አስደግፈው ይለኩ። ሦስተኛው መለኪያ መቀላቀል ነው። አሜሪካ ያሉ ሰዎች ፓውንዱን በ2.2046 አካፍለው ኪሎ፣ ኢንቹን በ2.54 አባዝተው ሴንቲ ሜትር ያድርጉት።

አንዳንድ መተግበሪያዎች የሚጠቀሙት በ1919 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሃሪስ–ቤኔዲክት ቀመር ነው። ለምሳሌ ላነሳናት ሴት እሱ 1,427 ይላል፤ 85 ካሎሪ ገደማ ከፍ ይላል ማለት ነው። ሁለት መተግበሪያ ሁለት ቁጥር ቢሰጥዎት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

ደረጃ 2፦ በእንቅስቃሴ ማባዛት

በዕረፍት የሚወጣው ቁጥር በእንቅስቃሴ መጠን ይባዛል። ትልቁ ስህተት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ማባዣውን የሚመርጠው ሰው ራሱ ነው፣ ሰው ደግሞ የሚያስታውሰው የተንቀሳቀሰበትን ቀን ነው።

ኢንተርኔት ላይ የተለመዱት ማባዣዎች 1.2፣ 1.375፣ 1.55፣ 1.725 እና 1.9 ናቸው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት ከተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ ጋር ያወጡት የኃይል ፍላጎት ሪፖርት ግን ቀለል ያለ ኑሮን ከ1.40 እስከ 1.69፣ መካከለኛውን ከ1.70 እስከ 1.99፣ ከባዱን ከ2.00 እስከ 2.40 ያደርገዋል። 1.2 በእውነቱ ከቤት ለማይወጣ ወይም ለታመመ ሰው የሚሆን ነው። እኛ የምንመክረው እንዲህ ነው፦

ቀኑን ወንበር ላይ የሚውልና በመኪና የሚመላለስ ሰው 1.4 ይውሰድ፤ የቢሮ ሠራተኛ፣ የታክሲ ወይም የኡበር ሹፌር፣ ቤት ሆኖ በኮምፒውተር የሚሠራ። ቢሮ ውሎ ታክሲ ተራ ለመድረስና ለመመለስ በቀን 40 ደቂቃ ያህል የሚራመድ፣ ወይም ቆሞ የሚያስተምር መምህር 1.5 ይበቃዋል። ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚቆም፣ የሚያጸዳ፣ የሚያነሳና የሚያስቀምጥ ሰው ከ1.6 እስከ 1.7 ነው፤ አስተናጋጅ፣ ነርስ፣ ቤሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህት። ግንባታ ላይ የሚውል የቀን ሠራተኛ፣ ጫኝና አውራጅ፣ በእርሻ ወቅት ያለ ገበሬ ከ1.8 እስከ 2.0 ይጀምር። በሁለት መካከል ከተጠራጠሩ ዝቅተኛውን ይውሰዱ፤ ልኬቱ ያርመዋል።

የእኛ ሰው መኪና አለው፣ ጠረጴዛ ላይ ይውላል። 1,667.5 × 1.4 = 2,335 ገደማ።

በሳምንት ሦስት ቀን ጂም መሄድ ማባዣውን ብዙ አያንቀሳቅሰውም፤ ሳምንት 168 ሰዓት ነው፣ ጂሙ ሦስቱ ብቻ። የእግር ጉዞን በቀላሉ ለመገመት፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደትዎ ግማሽ ካሎሪ ያህል ይጨምሩ። 78 ኪሎ ሰው 5 ኪሎ ሜትር ቢራመድ ከመቀመጥ በላይ የሚያወጣው 195 ካሎሪ አካባቢ ነው። ጂሙን በማባዣው ውስጥ ካስገቡት ግን ሰዓቱ ወይም ስልኩ “ዛሬ 400 አቃጥለዋል” ሲል እንደገና አይደምሩት። ሁለት ጊዜ መቁጠር ከሁሉ የበለጠ የተለመደ ስህተት ነው።

እዚህ የደረሰ ሰው ግምቱ በእጁ ነው። ቁጥሩን ከነስፋቱ ይያዘው፦ በሁለቱም በኩል 10 በመቶ። ለእኛ ሰው ከ2,100 እስከ 2,570። ይህ ሰፊ ነው፤ የሚያጠብበው ቀጣዩ ሥራ ነው።

ደረጃ 3፦ የወጥ ቤትዎን ቁጥሮች ማውጣት

ልኬቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ቅዳሜ ወይም እሑድ ለዚህ ይስጡ። በቤትዎ የሚበሉት ምግቦች አሥር ወይም አሥራ አምስት ቢሆኑ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሰሉ ለዓመታት ያገለግላሉ።

መነሻዎቹ፦ አንድ ግራም ስታርችና ስኳር 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ስብ 9፣ አንድ ግራም አልኮል 7 አለው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ ደረቅ ዱቄት ሲሆኑ ሁሉም በግራም 3.6 አካባቢ ናቸው። ስለዚህ “የጤፍ እንጀራ አያወፍርም፣ የሩዝ ቅይጥ ያወፍራል” የሚለው ከካሎሪ አንጻር ውኃ አያነሳም፤ ጤፍ በብረትና በአሠር ይበልጣል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

እንጀራ። ለሚቀጥለው ጋገራ የሚቦካውን ዱቄት ይመዝኑ፤ ለአብሲት የሚወጣውም ከዚያው ሊጥ ስለሆነ ለብቻው አይደመርም። 3 ኪሎ ዱቄት ነው እንበል፦ 3,000 × 3.6 = 10,800 ካሎሪ። ተጋግሮ ሲያልቅ 20 እንጀራ ቢወጣ አንዱ 540 ነው። አሁን የቀዘቀዙትን በሙሉ ይመዝኑ። 7,400 ግራም ቢሆኑ አንዱ በአማካይ 370 ግራም ነው፤ 10,800ን በ7,400 ሲያካፍሉ በግራም 1.46 ካሎሪ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ግማሽ እንጀራም፣ ተቀዶ የቀረ ቁራጭም፣ ጥቅልልም በግራም ይታወቃል። ሲቦካ የሚጠፋው ጥቂት ነው፤ ለዚህ ሥራ አያሳስብም። ከሱቅ ለሚገዛ እንጀራ፣ ዱባይም ሆነ ዋሽንግተን፣ መዝነው በ1.45 ማባዛት ይበቃል። የሱቅ እንጀራ ስፋቱ ከቤቱ ያንሳልና “አንድ እንጀራ” ብለው አይመዝግቡ፤ ስህተቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ወጥ። እዚህ ዘዴው ድስቱን መመዘን ነው። ባዶውን ድስት ይመዝኑና ቁጥሩን ከሥሩ በማይጠፋ ቀለም ይጻፉበት። የሚገባውን ሁሉ እየመዘኑ ያስገቡ። ለሽሮ ምሳሌ፦ ሽሮ 200 ግራም (720 ካሎሪ)፣ ዘይት 80 ግራም (እንደ 9 ቢታሰብ 720)፣ ሽንኩርት 300 ግራም (120)፣ ቲማቲም 100 ግራም (18)፣ ነጭ ሽንኩርት 20 ግራም (30)። ድምሩ 1,608። ውኃ ካሎሪ የለውም፣ ክብደት ግን አለው፤ ስለዚህ ወጡ ሲወርድ ከነድስቱ ይመዝኑና የድስቱን ይቀንሱ። 1,340 ግራም ከቀረ በግራም 1.2 ካሎሪ ነው። 150 ግራም የሚይዝ ጭልፋ 180 ካሎሪ ሆነ ማለት ነው። በርበሬና ቅመም ከቁጥር አይገቡም።

ከዚህ ምሳሌ ማየት የሚገባው ነገር አለ፦ ከሽሮው ካሎሪ ግማሽ የሚጠጋው ከዘይቱ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ፣ 120 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ ንጥር ቅቤም እዚያው ነው። ዘይት ከጀሪካን በዓይን ሲንቆረቆር በሁለት ቀን መካከል የ40 ግራም ልዩነት ማንም አይታወቀውም፤ እሱ ግን 360 ካሎሪ ነው። ሚዛን የገዙት ለእንጀራው ይመስልዎታል፤ የሚጠቅምዎት ለዘይቱ ነው። ቀላሉ መንገድ ጠርሙሱን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ማየት፣ አፍስሶ መልሶ ማስቀመጥ ነው፤ የጎደለው ድስት ውስጥ ያለው ነው። ፍርፍር፣ ጨጨብሳና ክትፎ ላይ ይህን ሳይዘሉ ያድርጉት።

ጥሬና ብስል አይቀላቅሉ። ደረቅ ምስር በ100 ግራም 350 ካሎሪ ያህል አለው፤ ውኃ ጠጥቶ ሲበስል 116 ይሆናል። የበሰለውን መዝኖ በደረቁ ቁጥር ያሰላ ሰው ሦስት እጥፍ ጻፈ። ሥጋ በተቃራኒው ነው፤ ሲበስል ውኃ ስለሚለቅ ግራሙ ይቀንሳል፣ በግራም ያለው ካሎሪ ይጨምራል። ሁልጊዜ ጥሬውን ይመዝኑ።

ለቀሪው፦ ዳቦ በግራም 2.65፤ እንቁላል አንዱ 70 ገደማ፤ መካከለኛ ሙዝ 105፤ አቮካዶ የሚበላው ክፍል በ100 ግራም 160፤ 50 ግራም የገብስ ቆሎ 180 ያህል፣ ያው 50 ግራም ኦቾሎኒ 285፤ ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ 16፤ ለስላሳ መጠጥ በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 125፤ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 140 አካባቢ። በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር የሚያደርግ ሰው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ሲነሳ ወደ 100 ካሎሪ ወስዷል፤ የቡና ቁርሱ ሳይቆጠር።

በአንድ ትሪ የሚበላ ሰውስ?

ይህ በእኛ ቤት ትልቁ ጥያቄ ነው፤ ለብቻ ሳህን ይዞ መቀመጥም ለሁሉም አይመችም። ሦስት መንገድ አለ። አንደኛ፣ የእንጀራ ድርሻዎን በጥቅልል ይያዙ፤ ከመቅረቡ በፊት ተመዝኖ ከጎንዎ ይቀመጥ፣ ከሱ ብቻ ይቁረሱ፣ የተረፈውን መልሰው ይመዝኑ። ሁለተኛ፣ ወጡ ሲቀርብ ከፊትዎ የሚጨለፈውን በጭልፋ ይቁጠሩ፤ ጭልፋው ስንት ግራም እንደሚይዝ ቀድመው መዝነዋል። ሦስተኛ፣ ከመሐል የሚጠቀስ ወጥ ከሆነ ትሪው ሲቀርብና ሲነሳ ይመዘንና የተበላው ለበላተኛው ይካፈላል፤ ይህ የሚሠራው በላተኞቹ ተቀራራቢ ሲበሉ ነው። ጉርሻን አይመልሱ። ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ጉርሻ ጠቅልለው ሚዛን ላይ ያስቀምጡ፣ ግራሙን ይወቁ፣ ከዚያ በቁጥር ይመዝግቡ። ወጥ የምትሠራ ሰው ደግሞ ለጨው የምትቀምሰውን አትርሳ፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ወጥ በየቀኑ ሲሆን ተቆጣሪ ነው።

ደረጃ 4፦ የልኬቱን ሳምንታት መምረጥ

ልኬቱ ሙሉ ሳምንታት መሆን አለበት፤ 18 ወይም 20 ቀን አይሆንም። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው በእነዚያ ቀናት የሚበላው ከእሑዱ በጣም ይለያል፤ ሙሉ ሳምንት ሲሆን ግን ሁሉም ቀን እኩል ይወከላል።

ጾም ሲገባና ሲፈታ ባለው ሳምንት አይጀምሩ። የምግቡ ዓይነትና ሰዓት ሲለወጥ በአንጀት ውስጥ ያለው ምግብ፣ ጨውና ውኃ አብሮ ይለወጣል፤ በጉበትና በጡንቻ የተከማቸ ስኳር ክብደቱን ሦስት እጥፍ ውኃ ይዞ ይቀመጣልና እሱ ሲቀንስ ውኃውም ይሄዳል። በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት አንድ ሁለት ኪሎ የቀነሰ ሰው፣ በፋሲካ ሳምንት መልሶ የጨመረ ሰው፣ አብዛኛው ያየው ይህንን ነው። በጾሙ ውስጥ መለካት ይቻላል፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ጥለው ከሁለተኛው ይጀምሩ። ለረመዳንም እንደዚሁ፤ በረመዳን ግን የሚመዘኑበትን ሰዓት አይለዋውጡ።

ለኦርቶዶክስ ጿሚ በዓመቱ ውስጥ ምቹው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ነው፤ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የነቢያት ጾም እስከሚገባበት ኅዳር 15 ድረስ ከረቡዕና ዓርብ በቀር የሚለወጥ ነገር የለም፤ ስድስት ሳምንት ይገኛል። ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾምባቸው የዓመቱን ልማድ አያሳዩም። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ጉዞ ወይም ሕመም ያለበት ሳምንት ከገባ ያንን ሳምንት ሰርዘው አንድ ሳምንት ይጨምሩ።

የወር አበባ የምታይ ሴት ሦስት ሳምንት አይበቃትም። ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ውኃ ይቋጠርና ሚዛኑ እስከ ሁለት ኪሎ ሊያሳስት ይችላል። አምስት ሳምንት ትመዝግብና አንደኛውን ሳምንት ከአምስተኛው ታወዳድር፤ ዑደቷ 28 ቀን አካባቢ ከሆነ ሁለቱ ሳምንታት ተመሳሳይ ቦታ ላይ ይውላሉ።

ደረጃ 5፦ መመዘንና መመዝገብ

ጠዋት፣ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ከመብላትና ከመጠጣት በፊት፣ በውስጥ ልብስ ይመዘኑ። ሚዛኑ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ፤ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሚዛን አሳንሶም አብዝቶም ያነባል። ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ መመዘን ይቻላል፤ አንዱን ሰው ይምረጡ፣ በተመሳሳይ ሰዓት በተመሳሳይ ልብስ ይሂዱ፣ ሚዛኑን አይቀያይሩ። ቁጥሩ እውነተኛ ኪሎዎ ባይሆንም ለውጡን ካሳየ ይበቃል።

የሚበሉትን እንደ ልማድዎ ይብሉ። ሰው መመዝገብ ሲጀምር ሳያውቀው ይቀንሳል፤ ይህ ስሌቱን አያበላሸውም፣ ያልተመዘገበ ምግብ ግን ያበላሸዋል። ወዲያውኑ ይጻፉ፤ ማታ ላይ አስታውሶ የሚጽፍ ሰው ቆሎውንና ሻዩን ይረሳል። ሰው ጋብዞዎት ምግብ ቤት ሲበሉ በየዓይነቱ ላይ ያለውን እንጀራ በስፋቱ፣ ወጦቹን በማንኪያ ይገምቱና ለዘይት አንድ ማንኪያ ይጨምሩበት። ባዶ ከመተው ግምት ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩን ማውጣት

የሒሳብ ሠራተኛችን የመጀመሪያ ሳምንት ክብደት፦ 78.6፣ 78.2፣ 78.9፣ 78.3፣ 78.1፣ 78.5፣ 78.2። አማካይ 78.4። ሦስተኛው ሳምንት፦ 77.8፣ 77.7፣ 78.7፣ 78.2፣ 77.9፣ 77.8፣ 77.9። አማካይ 78.0። በሁለተኛው ቀን የተመዘነው 78.2፣ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ደግሞ 78.7 ነው። እነዚህን ሁለት ጠዋቶች ብቻ ያየ ሰው ግማሽ ኪሎ ጨመርኩ ይላል፤ በእርግጥ ግን 0.4 ኪሎ ቀንሷል። ለዚህ ነው አማካይ የሚያስፈልገው።

በሦስቱ ሳምንታት የመዘገበው ምግብ በቀን በአማካይ 2,250 ካሎሪ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ፦

0.4 × 7,700 = 3,080 ካሎሪ ከራሱ አካል አውጥቷል።
3,080 ÷ 14 = 220 በቀን።
2,250 + 220 = 2,470።

ለምን በ14 እንጂ በ21 አላካፈልንም? የመጀመሪያው ሳምንት አማካይ የሚወክለው የሳምንቱን መሐል፣ አራተኛውን ቀን ነው፤ የሦስተኛው ሳምንት አማካይ አሥራ ስምንተኛውን ቀን። በመካከላቸው 14 ቀን ብቻ አለ። በ21 ያካፈለ ሰው 147 ያገኛል፣ መጨረሻውም 2,397 ይሆናል፤ 73 ካሎሪ ተሳሳተ። አምስት ሳምንት ለመዘገበች ሴት አካፋዩ 28 ነው። ክብደት ጨምረው ከሆነ ውጤቱን ከምግቡ አማካይ ይቀንሱ እንጂ አይደምሩ።

ቀመሩ ለዚህ ሰው 2,335 ብሎ ነበር፤ ልኬቱ 2,470 አለ። 135 ልዩነት የሚጠበቅ ነው፤ የሚይዘው ልኬቱን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ጥቅም አለ። ይህ ሰው በየቀኑ አንድ ማንኪያ ዘይት ሳያውቀው ሲዘል ከነበረ እውነተኛ ፍላጎቱ 2,590 ነው። ወደፊትም በዚያው አመዘጋገብ እስከቀጠለ ድረስ ግን 2,470 ለሱ ይሠራል፤ ስህተቱ በሁለቱም በኩል ስላለ ይጠፋፋል። የማይሠራው ቁጥሩን ለሚስቱ ወይም ለጓደኛው ሲያውሰው፣ ወይም መሐል ላይ አመዘጋገቡን ሲለውጥ ነው።

ቁጥሩ ትርጉም ሲያጣ

ልኬቱ ከቀመሩ በ400 እና ከዚያ በላይ ካነሰ፣ ለምሳሌ የእኛ ሰው 1,700 ቢያገኝ፣ አካሉ የተለየ ነው ከማለቱ በፊት ደብተሩን ይይ። በዕረፍት ብቻ 1,667 የሚያወጣ ሰው ሥራ እየሠራ በ1,700 ሊኖር አይችልም። ተጠርጣሪዎቹ በቅደም ተከተል ዘይትና ቅቤ፣ መጠጥ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ እየሠሩ መቅመስ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ተፈትሸው ካልተገኘ፣ በተለይ ድካም፣ ብርድ መፍራትና የሆድ ድርቀት ካለ፣ የእንቅርት ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው።

ልኬቱ በጣም ከበለጠ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ነው፤ ልኬቱ ጨው ከበዛበት ድግስ ማግስት ተጀምሮ ሊሆን ይችላል። አንድ ሳምንት ይጨምሩና የመጀመሪያውን ጥለው እንደገና ያስሉ። አዲስ ስፖርት የጀመረ ሰውም ጡንቻው ስለሚቆጣ ለጥቂት ቀናት ውኃ ይይዛል።

ደረጃ 7፦ ቁጥሩን መያዝ

ያገኙትን በሁለቱም በኩል 100 ካሎሪ ስፋት ሰጥተው ይያዙት፤ ለእኛ ሰው ከ2,370 እስከ 2,570። በየቀኑ መምታት አያስፈልግም። ዓርብ 1,900፣ እሑድ 3,000 ቢበላ የሳምንቱ ድምር 17,290 አካባቢ እስከሆነ ድረስ ያው ነው።

ከዚህ በኋላ በሳምንት ሦስት ጠዋት መመዘን ይበቃል። የሳምንቱ አማካይ ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ወደ አንድ አቅጣጫ ሄዶ ከግማሽ ኪሎ ካለፈ፣ ከምግቡ 150 ካሎሪ ይቀንሱ ወይም ይጨምሩና ሌላ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። በአንድ ሳምንት ተነስተው አይለውጡ።

እንደገና ማስላት የሚያስፈልገው ኑሮ ሲለወጥ ነው፦ ክብደት በ5 ኪሎ ሲቀየር፣ መኪና ሲገዛ፣ ከሱቅ ሥራ ወደ ቢሮ ሲዛወሩ፣ ክረምት ገብቶ የእግር መንገዱ ሲቀር፣ ወይም ሀገር ሲቀየር። አዲስ አበባ ዳገት ወጥቶ ታክሲ ይዞ ይሠራ የነበረ ሰው ዳላስ ሄዶ ከቤት በር እስከ ሥራ በር በመኪና ሲመላለስ፣ ማባዣው ከ1.5 ወደ 1.4 ቢወርድ እንኳ ለ78 ኪሎው ሰው በቀን 167 ካሎሪ ነው። ምግቡ ሳይለወጥ ክብደቱ በወራት ውስጥ ኪሎ በኪሎ የሚጨምረው ከዚህ ነው። ለእንደገናው ልኬት ወጥ ቤቱ ቀድሞ ተሰልቷልና ሦስት ሳምንት መዝግቦ ደረጃ 6ን መድገም ብቻ ይቀራል።